ኔትወርክ ሲጠፋም የሚከፈት ጌም፦ ቁልፍ አልባ ጌሞችን በሊኑክስ ላይ መጫን

በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ለሦስት ሳምንት ያህል ሲቆይ፣ ከተማችን ሞጆም እንደ አዳማና እንደ ቢሾፍቱ ከመስመር ውጭ ነበረች። በእነዚያ ቀናት፣ በተከፈተ ቁጥር ከኩባንያው ሰርቨር ፈቃድ የሚጠይቅ ጌም የገዛ ሰው፣ ላፕቶፑ ጤነኛ፣ መብራቱ በርቶ፣ ጌሙም ዲስኩ ላይ ተቀምጦ ሳለ መጫወት አይችልም ነበር። ገንዘቡን ከፍሏል፤ ዕቃው ግን በእጁ አልገባም።

ይህ ፈቃድ ጠያቂ ቁልፍ ዲአርኤም ይባላል። አንዳንዱ ጌሙ ሲጫን አንድ ጊዜ ብቻ ይጠይቃል፣ አንዳንዱ በተከፈተ ቁጥር፤ እየተጫወታችሁ መስመር ከተቋረጠ ወዲያው የሚያስወጣችሁም አለ። ቁልፍ የሌለበት ጌም ግን እንደ ማንኛውም ፋይል ነው፦ አንድ ጊዜ ካወረዳችሁት በፍላሽ ይቀመጣል፣ ላፕቶፕ ስትቀይሩ እንደገና ይጫናል፣ የሸጠው ኩባንያ ቢዘጋም ይሠራል። ዳታ ውድ በሆነበት፣ መስመርም በሚቆራረጥበት እንደኛ ባለ ከተማ ከሁሉ የሚስማማው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

«ክራክ የተደረገው አለ አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። አለ፤ ግን ክራኩን የሠራው ማን እንደሆነ፣ ከጌሙ ጋር ምን አብሮ እንደጨመረ የሚያውቅ የለም። ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ፍላሽ ቫይረስ የሚሸከምበት አንዱ መንገድ ይህ ነው። ከዚህ በታች ያለው መንገድ ሕጋዊ ነው፤ አብዛኛውም በነፃ ነው።

ማሽኑን ማዘጋጀት

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። በየቤቱ ካሉት አሮጌ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ዊንዶውስ 11ን አይቀበሉም። ስለዚህ ክፍት ምንጭ ወደሆነው ሊኑክስ ለመሻገር አሁን ጥሩ ጊዜ ነው። ለጀማሪ የምመክረው ሊኑክስ ሚንትን ነው። ራሙ 4 ጊጋባይት ለሆነ ማሽን ይመቻል፤ 2 ብቻ ላለው ቀለል ያለውን የኤክስኤፍሲኢ ዕትም ውሰዱ። ዲስኩ ላይ ቢያንስ 20 ጊጋባይት ክፍት ቦታ ያስፈልጋል፤ ለጌም ግን 100 ቢሆን ይሻላል።

የሚንት ፋይል 3 ጊጋባይት ገደማ ነው። በሌሊት ጥቅል አውርዱት፤ ወይም አዳማ ጥሩ ዋይፋይ ያለው ወዳጅ ካላችሁ አስወርዱት። ከዚያ 8 ጊጋባይት በሆነ ፍላሽ ላይ፣ ሩፈስ ወይም ኤቸር በሚባል ፕሮግራም ጻፉት። ፋይሉን እንዲያው ኮፒ ማድረግ ብቻ አይበቃም፤ ኮምፒውተሩ ከፍላሹ አይነሳም። ስትጽፉት ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ እንደሚጠፋም አትርሱ።

ፍላሹን ሰክታችሁ ኮምፒውተሩን እንደገና አስነሱ። ገና ሲበራ፣ ዴልና ሌኖቮ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ኤፍ 12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 9 ሲጫኑ ከየት ይነሳ የሚል ዝርዝር ይመጣል፤ ፍላሹን ምረጡ። ሚንት ዲስካችሁን ሳይነካ ከፍላሹ ይከፈታል። ዋይፋዩ፣ ድምፁ፣ ስክሪኑ መሥራቱን በዚህ ጊዜ እዩ። ሁሉም ደህና ከሆነ ፎቶና ሰነዳችሁን ሌላ ቦታ ገልብጣችሁ «ኢንስቶል ሊኑክስ ሚንት» የሚለውን ክፈቱ። ከዊንዶውስ ጎን ለጎን ይጫን ወይስ ዲስኩን ሁሉ አጥፍቶ ይጫን ብሎ ይጠይቃል። ሁለተኛውን የሚመርጥ ሰው ዲስኩ ላይ ያለው በሙሉ እንደሚሄድ ይወቅ። ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ ወይም ዴስክቶፕ ከሆነ ደግሞ መብራት በማይጠፋበት ሰዓት አድርጉት፤ በመሃል ከተቋረጠ ሥራው ከመጀመሪያው ይደገማል።

ነፃዎቹ ጌሞች

ከዚህ ጀምሩ፤ ምክንያቱም እነዚህ ቁልፍ የሌለባቸው ብቻ ሳይሆኑ ማባዛትና ማደልም የተፈቀደባቸው ናቸው። ሚንት ላይ «ሶፍትዌር ማናጀር»ን ከፍታችሁ ስማቸውን ብትፈልጉ አብዛኞቹን ታገኛላችሁ። አንድ ጌም በሁለት ዓይነት ከቀረበ «ሲስተም ፓኬጅ» የሚለውን ምረጡ። «ፍላትፓክ» የሚለው ብዙ ጊዜ አዲስ ዕትም ይኖረዋል፤ ግን ተጨማሪ ፋይሎችን አብሮ ስለሚጎትት ዳታ ይበላል።

ዜሮ ኤ.ዲ. የጥንት መንግሥታት የሚዋጉበት የስትራቴጂ ጌም ነው። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የኩሽ መንግሥት፣ ማለትም የናይል ዳር ጎረቤታችን የመርዌ ሥልጣኔ፣ ፒራሚዱን ይዞ ተጨምሮበታል። ታሪክ ለሚያስተምር መምህር ይህ ትልቅ ዕድል ነው፦ የአክሱም ዘመን ጎረቤት የሆነ ሕዝብ እንዴት ከተማ እንደሚያቆም ተማሪው በእጁ እየሠራ ያያል። ራሙ ትንሽ የሆነ ማሽን ላይ ግን ጦሩ ሲበዛ ይንቀራፈፋል።

ኦፕንቲቲዲ ለሞጆ ልጅ የተሠራ ይመስለኛል። ባቡር፣ ጭነት መኪና፣ መርከብ ገዝታችሁ ዕቃ ከቦታ ቦታ እያጓጓዛችሁ ገንዘብ የምታገኙበት ጌም ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣውን ትራንስፖርት ታይኩን ዴሉክስን መሠረት አድርጎ በ2004 ተጀመረ። ከጅቡቲ የመጣ ኮንቴነር ደረቅ ወደቡ ላይ ሲራገፍ እያየ ላደገ ልጅ፣ ሐዲዱ የት ይጠማዘዝ፣ ጣቢያው የት ይቁም የሚለው ጥያቄ እንግዳ አይደለም። ጌሙ የከፍታ ካርታን ከምስል ፋይል ስለሚቀበል፣ የስምጥ ሸለቆውን ካርታ ያገኘ ተማሪ በራሱ አገር መልክዓ ምድር ላይ ሐዲድ መዘርጋት ይችላል። ለደካማ ማሽንም ይሆናል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ከራሱ ድረ ገጽ ላይ ያወረዳችሁት ከሆነ ሥዕሎቹ ለብቻ ናቸው። ኦፕንጂኤፍኤክስ የሚባለውን ፋይል አብራችሁ አውርዳችሁ «ቤዝሴት» በሚለው ፎልደር ውስጥ አስቀምጡት፤ አለዚያ ጌሙ መጀመሪያ ሲከፈት ኔትወርክ ይጠይቃል።

ሱፐርተክስካርት የመኪና ውድድር ነው፤ አንድ ስክሪን ተከፍሎ ብዙ ሰው ይጫወትበታል፣ ለትንንሽ ልጆችም ይሆናል። ባትል ፎር ዌስኖዝ ተራ በተራ የሚጫወቱት፣ እንደ ቼዝ ማሰብን የሚጠይቅ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ሳያቋርጥ እየተሻሻለ መጥቷል። ተኩስ ለሚወድ ዞኖቲክ አለ፤ እሱ ግን ሻል ያለ ግራፊክስ ይፈልጋል። በብሎክ ዓለም መገንባት ለሚወዱ ደግሞ ሉዋንቲ አለ፤ እስከ 2024 እ.ኤ.አ. ድረስ ስሙ ማይንቴስት ነበር፤ በሶፍትዌር ማናጀር ውስጥ በአሮጌው ስሙ ልታገኙት ትችላላችሁ። ለሕፃናት ጂኮምፕሪና ተክስ ፔይንት ይበቃሉ።

በገንዘብ የሚገዙት

ጂኦጂ የሚባለው የፖላንድ መደብር እ.ኤ.አ. በ2008 ተከፍቶ የሚሸጠውን ጌም ያለ ቁልፍ ማቅረብ መለያው አደረገ፤ በሐምሌ 2014 ሊኑክስን ጨመረ። ኢች የሚባለው ደግሞ ከ2013 ጀምሮ ትንንሽ አዘጋጆች የራሳቸውን ሥራ የሚሸጡበት ነው፤ በነፃ የሚሰጡም፣ «የቻላችሁትን ክፈሉ» የሚሉም ብዙ ናቸው። በሁለቱም ላይ ስትፈልጉ ሊኑክስ የሚለውን ማጣሪያ አድርጉ፤ ሁሉም ጌም የሊኑክስ ዕትም የለውም። የእርሻ ጌም የሆነው ስታርዲው ቫሊ በጂኦጂ፣ ተራራ የሚወጣበት ሴሌስት በኢች ላይ በሊኑክስ ዕትማቸው ይገኛሉ። ስቲምም ለሊኑክስ ብዙ ጌም አለው፤ ግን መጀመሪያ በአካውንት መግባትን ይጠይቃል፣ ብዙዎቹም ያለ እሱ አይከፈቱም። ስለዚህ እዚህ አልቆጥረውም።

ችግሩ አከፋፈሉ ነው። በብር የሚሠራ የባንክ ካርድ በተለምዶ ውጭ አገር ባለ መደብር አይከፍልም፤ ቴሌብርንም አይቀበሉም። የውጭ ምንዛሪ ካርድ የሌለው ሰው ቀላሉ መፍትሔው ውጭ አገር ያለ ዘመድ ነው። በሁለቱም መደብሮች ጌምን በስጦታ መልክ ለሌላ ሰው ገዝቶ መላክ ይቻላል፤ እናንተ በራሳችሁ ኢሜይል አካውንት ከፍታችሁ ትቀበላላችሁ። ለልደት ወይም ለፈተና ውጤት ምን ልላክ ለሚል አጎት ወይም አክስት ይህን ንገሩ።

ከጂኦጂ ስታወርዱ በብራውዘር ገብታችሁ ከጌሙ ገጽ ላይ የሊኑክስ «ኦፍላይን» መጫኛ የሚለውን ፋይል ውሰዱ። እስኪ ነገ ብላችሁ አታቆዩት። የገዛችሁት ጌም የእናንተ የሚሆነው መጫኛው ፋይል በእጃችሁ ባለ ዲስክ ላይ ሲያርፍ ነው።

በፍላሽ ማጓጓዝ

ፋይል በእጅ እየተዘዋወረ ትልቅ ሥራ እንደሚሠራ በአካባቢያችን ታይቷል። በ2004 ዓ.ም. ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ የተባለው ድርጅት ከአዳማ ወደ አዋሽ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በወለንጪቲ፣ እንዲሁም በወንጪ፣ ትምህርት ቤት ላልገቡ ሕፃናት ጌምና መጻሕፍት የተጫኑባቸው ታብሌቶች ሰጥቶ ነበር። ታብሌቶቹ ሊኑክስን መሠረት ባደረገው አንድሮይድ ይሠሩ ነበር፤ ኃይላቸውም ከፀሐይ ነበር። አንድ ባለሙያ በየሳምንቱ እየሄደ ሚሞሪ ካርዶቹን ይቀይር ነበር። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገረው በአምስት ቀን ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ በቀን 47 አፕሊኬሽኖችን ይጠቀም ጀመር። ቁጥሩ የራሱ የድርጅቱ ነው፤ ልብ የምለው አሠራሩን ነው፦ እንዲህ ካርድ በመቀያየር የሚሠራው ፈቃድ የማይጠይቅ ፋይል ብቻ ነው።

ሁለት ነገር ግን ብዙ ሰው ያደናቅፋል። አንደኛ፣ አብዛኛው ፍላሽ ፋት 32 በሚባል ዓይነት ፎርማት የተደረገ ነው፤ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። የጂኦጂ የሊኑክስ መጫኛ ደግሞ ሳይከፋፈል በአንድ ፋይል ስለሚመጣ ከዚህ ሊበልጥ ይችላል። ፍላሹን ኤክስፋት በሚለው ፎርማት አድርጉት። ሁለተኛ፣ መጫኛውን ከፍላሹ ላይ ሆኖ ለማስነሳት አትሞክሩ፤ መጀመሪያ ወደ ኮምፒውተሩ «ሆም» ፎልደር ገልብጡት። እነዚህ ፎርማቶች ሊኑክስ ለፋይል የሚሰጠውን የማስነሳት ፈቃድ አይዙም።

መጫንና መፈተሽ

ወደ ሆም የገባውን መጫኛ ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ «ፕሮፐርቲስ»፣ ቀጥሎ «ፐርሚሽንስ» ክፈቱና «አላው ኤክስኪዩቲንግ ፋይል አዝ ፕሮግራም» የሚለው ላይ ምልክት አድርጉ። አሁን ሁለት ጊዜ ክሊክ ሲደረግ ይነሳል፤ የሚጠይቃችሁን እየመለሳችሁ ትጭናላችሁ። ዚፕ ሆኖ የመጣ ከሆነ በቀኝ ክሊክ «ኤክስትራክት ሂር» ብላችሁ ፈትታችሁ፣ ማስነሻውን ፋይል በተመሳሳይ መንገድ ፈቃድ ስጡት። ጌሙ ተከፍቶ ወዲያው ከተዘጋ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የግራፊክስ ድራይቨር ነው፤ ኤንቪዲያ ካርድ ያለው ሰው «ድራይቨር ማናጀር»ን ይክፈት።

ከዚያ ፈትሹት። ዋይፋዩን አጥፉ፣ ኬብሉን ንቀሉ፣ ኮምፒውተሩን ዘግታችሁ አስነሱና ጌሙን ክፈቱ። ከተከፈተ፣ በተከፈተ ቁጥር ፈቃድ የሚጠይቅ ቁልፍ የለበትም። ካልተከፈተ፣ ገጹ ላይ ምንም ቢጻፍ አትመኑ።

ለትምህርት ቤትና ለጌም ቤት

ዜሮ ኤ.ዲ.፣ ኦፕንቲቲዲ፣ ዌስኖዝና ሱፐርተክስካርት ያለ ኢንተርኔት በውስጥ መስመር ይሠራሉ። አንድ ተራ ራውተር ወይም ስዊች ኮምፒውተሮቹን ካገናኘ፣ አንዱ ተጫዋች ጨዋታውን ይከፍታል፣ ሌሎቹ በእሱ አይፒ አድራሻ ይገባሉ። ሁሉም ማሽን ላይ ያለው ዕትም አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ ስለዚህ ሁሉንም ከአንድ ፍላሽ ጫኑ።

የጌም ቤት ባለቤቶች አንድ እውነት ይወቁ፦ ደንበኛችሁ የሚመጣው ለእግር ኳስ ከሆነ ይህ መንገድ አይተካውም። ከፊፋ ጌም ጋር የሚወዳደር ነፃ የእግር ኳስ ጌም በሊኑክስ ላይ የለም፤ ፎርትናይትም አይሠራም።

ሕጉንም ለዩ። ክፍት ምንጭ የሆኑትን ለፈለጋችሁት ሰው ገልብጣችሁ ስጡ። ከጂኦጂና ከኢች የተገዛው ግን ቁልፍ ባይኖረውም የባለቤቱ መብት በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ ነው። ለራሳችሁ መጠባበቂያ ቅጅ ያዙ፤ ለሰፈሩ አታድሉ። ቁልፍ ሳያደርግ የሸጠላችሁ አዘጋጅ ያመናችሁ ሰው ነው።

በአገር ውስጥ ጌም ለምትሠሩ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ቅኔ ጌምስ ያወጣቸው ኩኩሉና ገበጣ የእኛ ተረትና ጨዋታ ጌም እንደሚሆን በስልክ ላይ አሳይተዋል። ጎዶ የሚባለው ክፍት ምንጭ የጌም መሥሪያ ሳይጫን የሚከፈት ትንሽ ፋይል ነው፤ «ኤክስፖርት ቴምፕሌት» የሚለውን አብራችሁ ካወረዳችሁ የሠራችሁትን ለሊኑክስም ያወጣላችኋል። የሊኑክስ ዕትም አውጡ፣ ቁልፍ አታድርጉበት፣ በፍላሽም ሽጡት።