ዋጋ ከመቁረጥ በፊት ኧርዝ ይታይ

አሮጌ ቤት ገዝቶ፣ አድሶ ማከራየት ወይም መሸጥ በአዲስ አበባ የቆየ ንግድ ነው። ሆኖም የገዢውም የደላላውም ዓይን የሚያርፈው ቀለሙና ሴራሚኩ ላይ ነው፤ ከልስኑ ሥር ስላለው ሽቦ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

3,500 ዋት የሆነ የእንጀራ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል። ሽቦው ተልጦ የምጣዱን ብረት ቢነካ፣ ኧርዝ የሚባለው የመሬት መስመር በሌለበት ቤት ብረቱ ኤሌክትሪክ እንደያዘ ይቆያል። ተራው ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን እንጂ ሰውን አይደለም፤ ሰው ለመግደል ከአንድ አምፔር እጅግ ያነሰ ይበቃል። ስለዚህ ከኧርዙ ሌላ፣ ኃይል ሲያፈተልክ በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ መከላከያ ያሻል።

አዲስ ሶኬት መገጠሙ ማስረጃ አይሆንም። ባለሙያ ኃይሉን አቋርጦ ሶኬቱን ሲፈታ አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ መታየት አለበት፤ ሽቦውም መሬት ከተቀበረው ዘንግ ጋር መገናኘቱ በመሣሪያ ሊለካ ይገባል።

ሥራው ከልስን በፊት ከታዘዘ ወጪው የዕቃና የጉልበት ብቻ ነው። ከቀለም በኋላ ግን የግድግዳ መፈልፈያ፣ የልስንና የቀለም ሒሳብ ይታከልበታል። ዋጋ ሳይቆርጥ ኤሌክትሪሺያን ያስገባ ገዢ ወጪውን ከሻጩ ጋር ይደራደርበታል፤ ከፈረመ በኋላ ያስገባ ከራሱ ኪስ ይከፍላል።