የፒክአፕ መኪና የሞተር ዘይት አለካክና ለእርዳታ ሥራ ያለው ጠቀሜታ

በአገራችን የድርቅ ታሪክ ውስጥ ከእህል እጥረት ጎን የማጓጓዣ እጥረት ሕይወት ያስከፈለባቸው ጊዜያት ይታወሳሉ። በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ታላቅ ረሃብ ወቅት ከወደብ የተራገፈውን እህል ወደ ሰሜኑ ደጋ ለማድረስ የተሽከርካሪና የመለዋወጫ ዕቃ እጥረት ከዋና ዋናዎቹ ማነቆዎች አንዱ ነበር። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ስድስት መቶ ሺህ ያህል ሰዎች፣ ብዙዎቹም ያለ ፈቃዳቸው፣ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ተነሥተው በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ በሰፈሩበት ጊዜም፣ መንገድ በቅጡ ባልወጣላቸው አዳዲስ መንደሮች ውስጥ መድኃኒትና ዘር በጊዜው ማግኘት እጅግ አዳጋች ሆኖ ነበር።

ትልልቅ የጭነት መኪናዎች እህሉን እስከ ዋናው መጋዘን ያደርሳሉ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሥራ በአብዛኛው የሚሸፍነው ፒክአፕ ነው። ለተጎዱ ሕፃናት የሚሰጠውን አልሚ ምግብ፣ በበረዶ ሣጥን የሚጓዘውን ክትባት፣ የውኃ ፓምፕ ናፍጣንና መለዋወጫን፣ ችግሩን የሚያጠኑ ሠራተኞችን፣ አንዳንድ ጊዜም በጠና የታመመን ሰው የሚያመላልሰው ይኸው መኪና ነው። ስለዚህ አንድ ፒክአፕ ከጋራዥ ርቆ ሞተሩ ሲበላሽ የሚቋረጠው የአንድ ቀን ጉዞ ብቻ ሳይሆን በዚያ ጉዞ ላይ የተንጠለጠለው አገልግሎት ሁሉ ነው። ከእንዲህ ዓይነቱ ብልሽት ከፊሉን አስቀድሞ ሊያስቀር የሚችለው ደግሞ ከአምስት ደቂቃ የማይበልጥ ጊዜ የሚወስደው የሞተር ዘይት ልኬት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም የአለካኩን ሥርዓት መግለጽና ልኬቱ ለሾፌሩ ብቻ የሚተው ሥራ አለመሆኑን ማስረዳት ነው።

የዘይቱ ተግባር

የሞተር ዘይት በሞተሩ ግርጌ በሚገኘው ኮፓ ውስጥ ይጠራቀማል። ፓምፑ ከዚያ እየሳበ በፊልትሮ አሳልፎ ወደ ክራንክ ሻፍቱ፣ ወደ ብሮንዚኖቹና ወደ ቫልቮቹ ይልከዋል። በሚሽከረከረው ብረትና በብሮንዚኑ መካከል የሚገኘው ስስ የዘይት ሽፋን ሁለቱ ብረቶች እንዳይነካኩ ያደርጋል። ዘይቱ ከዚህ በተጨማሪ ራዲያተሩ በቀጥታ የማይደርስባቸውን ክፍሎች ያቀዘቅዛል፤ ጥቀርሻውንና የብረት ብናኙን አጥቦ ወደ ፊልትሮው ይወስዳል፤ በፒስቶኑና በሲሊንደሩ መካከል ያለውንም ክፍተት ይደፍናል።

የዘይቱ መጠን ሲቀንስ የቀረው ጥቂት ዘይት ይህንኑ ሥራ ሁሉ ቶሎ ቶሎ እየተመላለሰ ለመሥራት ስለሚገደድ ከመጠን በላይ ይሞቃል፤ ሲሞቅም ይቀጥናል። ዳገት ላይ ደግሞ ተጨማሪ አደጋ አለ። ከአላማጣ ወደ ኮረም የሚወስደው መንገድ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 ሜትር ገደማ ተነሥቶ በጠመዝማዛ አቀበት ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ይወጣል። በእንዲህ ያለ ስፍራ መኪናው ወደ ኋላ ሲያጋድል በኮፓው ውስጥ ያለው ዘይት ወደ አንድ ወገን ይከማቻል። መጠኑ አነስተኛ ከሆነ የፓምፑ መሳቢያ ከዘይት ይልቅ አየር ሊስብ ይችላል። ብሮንዚን ያለ ዘይት በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይቃጠላል፤ ሞተሩም ነክሶ ይቆማል። ከዚህ በኋላ የሚያስፈልገው ሙሉ ጥገና ወይም አዲስ ሞተር ነው።

በዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቀይ የዘይት መብራት እስካልበራች ድረስ ዘይቱ በቂ ነው የሚል እምነት በብዙዎች ዘንድ አለ። ይህ ስሕተት ነው። በአብዛኞቹ መኪናዎች መብራቷ የምታመለክተው የዘይቱን ግፊት እንጂ መጠኑን አይደለም። ግፊቱ ወርዶ መብራቷ ስትበራ ጉዳቱ ጀምሮ ሊሆን ስለሚችል፣ ሾፌሩ ወዲያውኑ መኪናውን ከመንገድ አውጥቶ ሞተሩን ማጥፋት ይኖርበታል።

የአለካኩ ሥርዓት

1ኛ/ ጊዜና ስፍራ። ከሁሉ የሚመረጠው ሰዓት ሌሊቱን ያደረው ሞተር ከመነሣቱ በፊት ያለው ማለዳ ነው፤ ዘይቱ በሙሉ ወደ ኮፓው ወርዶ ያድራልና። ሞተሩ ሲሠራ ከቆየ አጥፍቶ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። መኪናው የሚቆመው በሜዳማ ስፍራ ነው፤ በጥቂቱ እንኳ ያዘነበለ መሬት ልኬቱን ያዛባል። የእጅ ፍሬኑም መያዝ አለበት።

2ኛ/ ጽዳት። ኮፈኑ ከተከፈተ በኋላ የዘይት መለኪያው ከመነቀሉ በፊት የሚገባበት ቱቦ አፍና ዙሪያው በጨርቅ ይጠረጋል። በጠጠርና በአፈር መንገድ ላይ በዋለ መኪና ይህ በቸልታ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም፤ ከመለኪያው ጋር ወደ ውስጥ የሚገባ አቧራ ብሮንዚኑንና የፒስቶን ፋሻዎቹን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃቸዋል።

3ኛ/ ንባብ። መለኪያው ተነቅሎ በንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋል፤ እስከ መጨረሻው ተመልሶ ይገባል፤ እንደገና ወጥቶ ይነበባል። መጀመሪያ ሲወጣ የሚታየው ዘይት በቱቦው ግድግዳ የተነካካ ስለሆነ እምነት አይጣልበትም። በመለኪያው ጫፍ ሁለት ምልክቶች አሉ፤ ታችኛው ዝቅተኛውን፣ ላይኛው ከፍተኛውን መጠን ያሳያል። የመለኪያው ሁለት ገጾች የተለያየ መጠን ካሳዩ ዝቅተኛው ይወሰዳል።

4ኛ/ መጨመር። ዘይቱ ወደ ታችኛው ምልክት ከተጠጋ አምራቹ ያዘዘው ዓይነት ዘይት በግማሽ ሊትር፣ በግማሽ ሊትር ይጨመራል። በየመካከሉ ጥቂት ደቂቃ ተጠብቆ እንደገና ይለካል። ረጅም ጉዞ የሚጠብቀው መኪና ወደ ላይኛው ምልክት ቢጠጋ መልካም ነው፤ ምልክቱን ማለፍ ግን አይገባውም። ዘይት ከመጠን በላይ ሲሞላ ክራንክ ሻፍቱ እየመታ አረፋ ያደርገዋል፤ አረፋ ደግሞ ብረትን ከብረት አይለይም። ግፊቱ መከላከያ ጎማዎቹን ሊያፈስ፣ በናፍጣ ሞተርም ትርፉ ዘይት ወደ ሲሊንደሩ ተስቦ ሞተሩን ከቁጥጥር ውጭ ሊያስጮኸው ይችላል።

5ኛ/ መዝጋት። የዘይት መሙያው ክዳንና መለኪያው በየቦታቸው መመለሳቸው ይረጋገጣል፤ ከመኪናው ሥር አዲስ የዘይት ጠብታ መኖር አለመኖሩም ይታያል።

ዘይቱ ከመጠኑ ሌላ የሚያሳየው ነገር

የናፍጣ ሞተር ዘይት ከተቀየረ በኋላ ብዙም ሳይቆይ መጥቆሩ የተለመደ ነው፤ ጥቁረት ብቻውን የብልሽት ምልክት አይደለም። በሌላ በኩል መለኪያው ላይ ወተት የተቀላቀለበት ቡና የሚመስል ዘይት ከታየ ውኃ ገብቷል ማለት ነው፤ ምክንያቱ የቴስታታ ጓርኒሲዮን መቃጠል ወይም በጎርፍ በተሞላ ወንዝ መሻገር ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ሞተር በመካኒክ ሳይታይ መነሣት የለበትም። ማንም ሳይጨምርበት መጠኑ ከፍ ብሎ የተገኘና ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት ዘይትም ደስ የሚያሰኝ አይደለም። ነዳጅ ወደ ኮፓው እየፈሰሰ ዘይቱን እያቀጠነው ነውና መኪናው ወደ ጥገና ይላካል። በጣት መካከል ሲታሽ የሚሻክር ዘይትም አቧራ ወይም የብረት ብናኝ መግባቱን ያመለክታል።

ስለ መዝገቡ

አንድ ልኬት የዚያን ማለዳ ሁኔታ ብቻ ይናገራል። ሞተሩ ዘይት ምን ያህል እንደሚበላ የሚታወቀው ልኬቶቹ ከኪሎ ሜትሩ ጋር ጎን ለጎን ሲጻፉ ነው። በምሳሌ ለማስረዳት፣ በአንድ ፒክአፕ መለኪያ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው መጠን 1 ሊትር ነው እንበል። መኪናው ከላይኛው ምልክት ተነሥቶ 800 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ዘይቱ መካከል ላይ ከወረደ በ800 ኪሎ ሜትር ግማሽ ሊትር በልቷል። በዚህ ሒሳብ 1,200 ኪሎ ሜትር የሚሆን የደርሶ መልስ ጉዞ 750 ሚሊ ሊትር ይፈጃል። ሞልቶ የተነሣው ሞተር ሲመለስ ከታችኛው ምልክት በላይ የሚቀረው ሩብ ሊትር ብቻ ስለሆነ፣ ሾፌሩ ቢያንስ 1 ሊትር መጠባበቂያ ይዞ መውጣትና በየማለዳው መለካት እንዳለበት ከቢሮ ሳይወጣ ይታወቃል። ከወር በኋላ ይኸው ግማሽ ሊትር በ400 ኪሎ ሜትር የሚያልቅ ከሆነ ፍጆታው በእጥፍ ጨምሯል ማለት ነውና ፒክአፑ ወደ ሩቅ ጣቢያ ከመላኩ በፊት ጋራዥ መግባት አለበት።

የኃላፊዎች ድርሻ

ከላይ የተዘረዘረው ሥራ የሚፈጸመው በሾፌሩ እጅ ቢሆንም እንዲፈጸም የሚያደርገው የመሥሪያ ቤቱ አሠራር ነው። በመጋዘን ዘይት ከሌለ፣ ወይም ግማሽ ሊትር ለማውጣት የሦስት ሰው ፊርማ የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ሾፌሩ ጉድለቱን አይቶ እንዳላየ ለመሄድ ይገደዳል። ዘይት መጉደሉን ሪፖርት ያደረገ ሰው እንደ ሰረቀ የሚጠረጠርበት ቢሮም ቀስ በቀስ እውነተኛ ልኬት የማይጻፍበት ቢሮ ይሆናል። ስለዚህ በጉዞ ደብተሩ ላይ የኪሎ ሜትር፣ የዘይት ልኬትና የተጨመረ ዘይት ዓምዶች እንዲኖሩ፣ ኃላፊውም የጉዞ ፈቃድ ሲፈርም የዕለቱን ልኬት ጠይቆ እንዲመለከት ያስፈልጋል። አንድ ፒክአፕ በተለያዩ ሾፌሮች የሚነዳ ከሆነ ርክክቡ በጽሑፍ ካልሆነ ልኬቱ የማንም ኃላፊነት ሳይሆን ይቀራል።

ልኬት ዘይት መቀየርን አይተካም። አቧራ በበዛበት፣ ጭነት በከበደበትና አቀበት በሚዘወተርበት ሥራ አምራቾች ከመደበኛው ያጠረ የመቀየሪያ ርቀት ያዛሉና፣ ቢሮው የየመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ተመልክቶ ርቀቱን በዚያው ደብተር ላይ ማስፈር አለበት።

በመጨረሻም በእርዳታ ጣቢያዎችና በሰፈራ መንደሮች በተለይ ሊጤን የሚገባው የባዶው ጀሪካን ነገር ነው። ዕቃ በሚቸግርበት ስፍራ ማንኛውም ጀሪካን ለውኃ መቅጃና ለምግብ ዘይት መያዣ ይፈለጋል። የሞተር ዘይት የያዘ ጀሪካን በሳሙና ቢታጠብም ለዚህ አገልግሎት ሊውል አይገባውም፤ ተበስቶ ወይም ተቆርጦ ይወገድ። ከሞተር የወጣ አሮጌ ዘይትም በጉድጓድ፣ በምንጭና በወንዝ አጠገብ ሳይደፋ በተዘጋ ዕቃ ተጠራቅሞ ወደ ጋራዥ ይመለስ። ለችግረኛው ውኃና መድኃኒት ሊያደርስ የሄደ መኪና ውኃውን በክሎ እንዳይመለስ መጠንቀቅ የሥራው አንድ ክፍል ነው።