ፓሪስ ቢስትሮ ገብተው ከመቀመጥዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

አክስቴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁኝ ፓሪስ የመጡ ጊዜ ራት የጋበዝኳቸው 11ኛው ወረዳ ውስጥ ባለች አንዲት ጠባብ ቢስትሮ ነበር። ስምንት ጠረጴዛ፣ ቀይና ነጭ ዳማ የጠረጴዛ ልብስ፣ ግድግዳው ላይ የዕለቱ ምግብ በጠመኔ የተጻፈበት ጥቁር ሰሌዳ። «ቦፍ ቡርጊኞን» አዘዝኩላቸው። የበሬ ሥጋ ነው፤ በቀይ ወይን ለሰዓታት ተቀቅሎ የሚቀርብ ወጥ። ሁለቴ እንደጎረሱ ሹካቸው ቆመ። ከካሮቱ ሥር ጥፍር የምታክል ሮዝ ቁራጭ አግኝተው ወደ ሳህኑ ጠርዝ ገፋ አደረጓት። አስተናጋጁን ብጠይቀው «ላርዶን» አለኝ፣ የአሳማ ሥጋ። በጥያቄዬ መገረሙ ከፊቱ ይነበብ ነበር፤ ለእሱ ወጡ ያለዚያ ወጥ አይደለም። አክስቴ ራታቸውን በዳቦ ጨረሱ። ስንወጣ «ልጄ፣ አስቀድመህ ብትጠይቅ ምን ነበረበት?» አሉኝ።

ምንም አልነበረበትም። ይሉኝታ ይዞኝ ነው። ብዙዎቻችን ምግብ ቤት ገብተን «ይሄ ምን አለበት? ያንን አውጣልኝ» ማለት ነውር ይመስለናል። ፈረንሳዮች ግን አይከፋቸውም። ቢስትሮ ውስጥ ያልጠየቁት አይመጣልዎትም፣ ያልከለከሉትም አይቀርልዎትም።

ስለዚህ ከአሳማው እንጀምር፤ ክርስቲያንም ይሁኑ ሙስሊም ወይም ቤተ እስራኤል፣ የሚያስቸግርዎ እሱ ነው። በስሙ «አሳማ» ተብሎ የሚመጣውን ማንም ያውቀዋል። የሚያታልለው የተደበቀው ነው። በወይን የተሠራው የዶሮ ወጥ፣ «ኮክ ኦ ቫን»፣ ብዙ ጊዜ ላርዶን አለበት። «ኪሽ ሎሬን» የሚሉት የእንቁላል ኬክም አለበት። ፍሪዜ የሚባለው ሰላጣ፣ የምስር ሰላጣው ሳይቀር ላርዶን ይበተንበታል። የዳክዬ ወይም የጥንቸል «ቴሪን» ቢሉዎት እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ስቡ የአሳማ ነው። ዱለትና ሰንበር የሚወዱ ደግሞ «አንዱዬት» የሆድ ዕቃ ነው ሲባሉ እንዳይጓጉ፤ በአብዛኛው ከአሳማ አንጀትና ጨጓራ የሚሠራ ነው። በሕጉ መሠረት ምግብ ቤቱ ሰውነት የሚያስቆጡ 14 ነገሮችን ለይቶ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፤ የአሳማ ሥጋ ግን ከ14ቱ አንዱ ስላልሆነ ከወረቀቱ አያገኙትም። ይህችን አንድ ዓረፍተ ነገር በቃልዎ ይያዙ፦ «ኤስ ኪል ያ ዱ ፖር ደዳን?» ውስጡ የአሳማ ሥጋ አለ ወይ ማለት ነው።

አልኮል ለማይቀምሱ ነገሩ ይከብዳል፤ ወይን ከወጡም ከስጎውም ውስጥ ይገባል። ዓሣ ላይ የሚፈስሰው «ቤር ብላን» እንኳ ቅቤና ነጭ ወይን ነው። ሐላል ሥጋ ደግሞ የተለመደ ቢስትሮ ውስጥ አይጠብቁ።

ረቡዕና ዓርብ የሚጾሙ ከሆነ ምክሬ ቀጥተኛ ነው፦ ሌላ ቀን ይምረጡ። የሽንኩርት ሾርባው የጾም ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ግን በበሬ አጥንት መረቅ ነው፣ ላዩ ላይም አይብ ይቀልጥበታል። አትክልቱ በቅቤ ይታሻል። በኮምጣጤ፣ በዘይትና በሰናፍጭ የሚቀርበው የተቀቀለ ባሮ ሽንኩርት ያለ እንቁላል ከሆነ ይሆናል። ከዚያ ውጭ በዳቦና በድንች ጥብስ መመለስዎ ነው፤ ጥብሱንም በምን ዘይት እንደጠበሱት መጠየቅ አለብዎ።

ክትፎ ለሚወዱ ግን እዚህ የሚያስደስት ነገር አለ። «ስቴክ ታርታር» ጥሬ የተከተፈ የበሬ ሥጋ ነው፤ ሽንኩርት፣ ሰናፍጭና በኮምጣጤ የቆየ ኪያር ገብቶበት፣ የእንቁላል አስኳል መሐሉ ላይ ተቀምጦ ይመጣል። ሚጥሚጣና ንጥር ቅቤ የለበትም፤ ኮምጠጥና ቀዝቀዝ ይላል። ለብ ለብ ማድረግ የሚባል ነገርም የለም። እኔ ስወደው ክትፎን እየናፈቅኩ ነው፣ ሁለቱን ሳላወዳድር። ስቴክ ሲያዙ ደግሞ አበሳሰሉን ይጠየቃሉ፤ «ብለ» ጥሬ ሊባል የሚችል፣ «ሴኛን» ደም ያለው፣ «አ ፗ» መካከለኛ፣ «ቢያን ኪዊ» በደንብ የበሰለ ነው። የፈረንሳይ መካከለኛ ከሌላው አገር መካከለኛ ይልቅ ቀላ ይላል። ደም ማየት ካልፈለጉ ሳያቅማሙ «ቢያን ኪዊ» ይበሉ፤ የሚበሉት እርስዎ ነዎት።

ዋጋው ላይ የቃላት ወጥመድ አለ። እኛ ሜኑ የምንለውን እነሱ «ካርት» ይሉታል። «ሜኑ» ለእነሱ በአንድ ዋጋ የተጠቀለለ መክፈቻ፣ ዋና ምግብና ጣፋጭ ነው። «አንትሬ»ም ዋናው ምግብ ሳይሆን መክፈቻው ነው። ምሳ ላይ «ፎርሙል» የሚባለውን፣ ሁለት ሳህን በቅናሽ ዋጋ፣ ከሰሌዳው ይፈልጉ፤ የሚያዋጣው እሱ ነው። ውሃ ብቻ ካሉ የታሸገ ሊያመጡልዎና ሊያስከፍሉዎት ይችላሉ፤ «ካራፍ ዶ» ካሉ ግን የቧንቧ ውሃ በማሰሮ በነፃ ይመጣል። ከ2022 ጀምሮ ምግብ ቤቶች ይህን ነፃ ውሃ መጠየቅ እንደሚቻል በግልጽ እንዲያሳውቁ ሕግ ያስገድዳቸዋል። ዳቦም በነፃ ነው። የአስተናጋጁ አገልግሎት ክፍያ ዋጋው ውስጥ ስላለ ጉርሻ ግዴታ አይደለም፤ ደስ ካለዎት ሳንቲም ትተው ይውጡ።

ስለ ሰዓት ደግሞ አንድ ተረት አለ። በ1814 ፓሪስ የገቡ የሩሲያ ወታደሮች «ቢስትሮ! ቢስትሮ!»፣ ቶሎ ቶሎ፣ እያሉ ሲጮሁ ስሙ ወጣ ይባላል። ቃሉ በጽሑፍ የተገኘው ግን በ1880ዎቹ ስለሆነ የቋንቋ አጥኚዎች አይቀበሉትም። ቤቱም የችኮላ ቤት አይደለም። ወጥ ቤቱ ምሳ የሚያወጣው ከ12:00 እስከ 14:00 ገደማ፣ ራት ደግሞ ከ19:00 ወይም ከ19:30 በኋላ ነው፤ በመሐል 16:00 ላይ ተርበው ቢገቡ ቡና እንጂ ምግብ ላያገኙ ይችላሉ። ሲገቡ «ቦንዡር»፣ ከመሸ «ቦንስዋር» ሳይሉ ምንም አይጠይቁ፤ ሰላምታ መዝለል እኛም ዘንድ እንደሚያስቀይመው ሁሉ እዚያም ያስቀይማል። ከተቀመጡ በኋላ ጠረጴዛው የእርስዎ ነው። ሒሳቡ ሳይጠሩት ስለማይመጣ የተረሱ አይምሰልዎት፤ ሊያስነሡዎት ስላልፈለጉ ነው። «ላዲስዮን፣ ሲል ቩ ፕሌ» ይበሉ።

ቤት ሲመርጡ ሰሌዳው አጭር ይሁን። አርባ ዓይነት ምግብ የሚዘረዝር ጠባብ ቤት ከማቀዝቀዣ እያወጣ ያሞቃል ብዬ እጠረጥራለሁ። ከ2014 ጀምሮ «ፌ ሜዞን»፣ በቤቱ የተሠራ ማለት ነው፣ የሚል ምልክት አለ፤ ጣሪያ የለበሰ ድስት ይመስላል። እጅ ካጠረዎት ደግሞ ከ1896 ጀምሮ የሚሠራውን ቡዮን ሻርቲዬን ይሞክሩ። ቢስትሮ አይደለም፣ ትልቅና ጫጫታ የበዛበት አዳራሽ ነው፤ አስተናጋጁ ያዘዙትን የጠረጴዛው ወረቀት ላይ ይጽፋል፣ ሒሳቡንም እዚያው ይደምራል።

ብዙ ቢስትሮዎች እሑድ ወይም ሰኞ ይዘጋሉ፤ በኦገስት ደግሞ ለሳምንታት የሚዘጉ አሉ። ስለዚህ አስቀድመው ይደውሉ፤ የአሳማውንም ጥያቄ በዚያው ስልክ ይጠይቁ።