የማይታየውን ዓለም የጻፉ ደራሲዎች ስለ ሥራቸው ምን ያስተምሩናል?

በዛሬው የጥናት ዓምዳችን ስለ ሦስት ዓይነት ልብ ወለዶችና ስለ ደራሲዎቻቸው የሥራ ሕይወት እንማራለን። የመጀመሪያው ምናባዊ ልብ ወለድ ሲሆን በእውኑ ዓለም የሌሉ አገሮችንና ፍጡራንን ይተርካል። ሁለተኛው አስፈሪ ልብ ወለድ ሲሆን አንባቢውን ሆን ብሎ ያስደነግጣል። ሦስተኛው ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ሲሆን «ሳይንስ ይህን ቢያደርግ የሰው ልጅ ምን ይሆናል?» ብሎ ይጠይቃል።

ስለ ጅብና ስለ ዘንዶ፣ ስለ ጭራቅና ስለ ቡዳ እየሰማ ላደገ ሰው ይህ ሁሉ እንግዳ ነገር አይደለም። አያቶቻችን ማታ በእሳት ዳር ጭራቁን ሲያመጡብን ሊያስፈራሩን ብቻ አልነበረም። ከወንዙ፣ ከጫካውና ከማናውቀው ሰው እንድንጠነቀቅ ሊያስተምሩንም ነበር። ስለዚህ ያልሆነን ነገር መተረክ ሁልጊዜ መዋሸት ማለት አይደለም።

ሆኖም እንዲህ ያሉ መጻሕፍትን የሚጽፉ ሰዎች ጸጥ ያለ ክፍልና ትርፍ ጊዜ ያላቸው፣ ስለ እንጀራ የማያስቡ ይመስሉናል። ደራሲዎቹ ስለ ራሳቸው የጻፉትንና የተናገሩትን ስንመለከት ግን የምናገኘው ሌላ ነው። የአምስቱን ታሪክ እንመልከት። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ሜሪ ሼሊ፦ «ዛሬም አልመጣልኝም»

ሜሪ ሼሊ እንግሊዛዊት ናት። በሰኔ 1816፣ የ18 ዓመት ወጣት ሳለች፣ በስዊዘርላንድ በጄኔቭ ሐይቅ ዳር ከወዳጆቿ ጋር ሰንብታ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በኢንዶኔዥያ ታምቦራ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ ፀሐይን ስለ ጋረደ ያ ወቅት ቀዝቃዛና ዝናባማ ሆነ። ከቤት መውጣት ያልቻሉት ወዳጆች የመናፍስት ታሪክ ሲያነቡ ቆይተው፣ ባይረን የተባለው ባለቅኔ «እያንዳንዳችን አንድ አንድ አስፈሪ ታሪክ እንጻፍ» አለ።

ሜሪ በ1831 በጻፈችው መግቢያ እንደምትነግረን በየማለዳው ታሪክ አግኝታ እንደሆነ ይጠይቋታል፤ እርስዋም በየማለዳው አላገኘሁም እያለች ታፍራለች። በመጨረሻ ሬሳ ሕይወት ሊዘራ ይችል እንደሆነ ሲወያዩ ሰምታ፣ እንቅልፍ በነሳት ሌሊት ታሪኩ በዓይነ ሕሊናዋ መጣላት። «ፍራንከንስታይን» የተባለው መጽሐፍ በ1818 ስሟ ሳይጠቀስበት ታተመ። አንድ ተማሪ ከሬሳ ክፍሎች ፍጡር ሠርቶ ሕይወት ከሰጠው በኋላ ደንግጦ ይሸሸዋል። ያ ስም እንኳ ያልወጣለት ፍጡር ሁሉም ሲያባርረው ክፉ ይሆናል።

ልብ በሉ፦ በ1815 ሜሪ የመጀመሪያ ልጇን በጨቅላነቷ ቀብራ ነበር። ሕፃኗን እሳት ዳር አሽተው ነፍስ ስትዘራ በሕልሟ ማየቷንም በማስታወሻዋ ጽፋለች። የሞተ ሰው ሲነሣ የምታሳየው ታሪክ ከየት እንደ መጣ ከዚህ መገመት እንችላለን።

2. ቶልኪን፦ በፈተና ወረቀት ጀርባ

እንግሊዛዊው ቶልኪን በ1916 በፈረንሳይ አገር በሶም ጦርነት ተዋግቷል። በምሽግ ውስጥ ቅማል በሚያስተላልፈው ትኩሳት ታሞ ወደ አገሩ ተመለሰ። በሕመሙ ወራት ስለ ወደቀች ከተማ የሚናገረውን የመጀመሪያ ምናባዊ ታሪኩን ጻፈ። በኋላ እንደ ተናገረው በ1918 ከቅርብ ጓደኞቹ ከአንዱ በቀር ሁሉም ሞተው ነበር።

ቶልኪን የዩኒቨርሲቲ መምህር ከሆነ በኋላ ለተጨማሪ ገቢ የፈተና ወረቀት ያርም ነበር። አንድ ተማሪ ባዶ የተወው ገጽ ላይ በጉድጓድ ውስጥ ስለሚኖር ፍጡር አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈ። ፍጡሩ ምን እንደሆነ እሱ ራሱ ገና አያውቅም ነበር። ያ ዓረፍተ ነገር በ1937 «ዘ ሆቢት» የተባለ መጽሐፍ ሆነ። ቀጥሎ የጻፈው «ዘ ሎርድ ኦቭ ዘ ሪንግስ» ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቶ በ1954 እና በ1955 በሦስት ቅጽ ወጣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወረቀት ሲጠፋ ረቂቁን በአሮጌ የፈተና ወረቀቶች ጀርባ ይጽፍ ነበር። ለታይፒስት የሚከፍለው ስላልነበረው መጽሐፉን ራሱ ታይፕ አደረገው።

3. ሬይ ብራድበሪ፦ በግማሽ ሰዓት አሥር ሳንቲም

አሜሪካዊው ብራድበሪ የተወለደው በ1920 ነው። ወላጆቹ ሥራ ፍለጋ ወደ ሎስ አንጀለስ ሄዱ። በ1938 ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሲጨርስ ለኮሌጅ የሚሆን ገንዘብ አልነበረም። በመንገድ ዳር ጋዜጣ እየሸጠ በሳምንት ሦስት ቀን በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ያነብ ነበር። ይህን ለአሥር ዓመት እንዳደረገና ከዚያ እንደ ተመረቀ ይናገር ነበር።

አግብቶ ከወለደ በኋላ ቤቱ በልጅ ጨዋታ ተሞላ፤ ቢሮ ለመከራየትም አቅም አልነበረውም። በአንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት አሥር ሳንቲም ሲከቱባቸው ግማሽ ሰዓት የሚሠሩ የጽሕፈት መኪናዎች አገኘ። ሳንቲሙን እየቋጠረ በዘጠኝ ቀን 9 ዶላር ከ80 ሳንቲም ከፍሎ አንድ ታሪክ ጨረሰ። አስፋፍቶት በ1953 «ፋራናይት 451» በሚል ስም ታተመ። ታሪኩ መጻሕፍት በመንግሥት ትእዛዝ ስለሚቃጠሉበት ዘመን ነው። በመጨረሻው ከከተማ የሸሹ ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ መጽሐፍ በቃላቸው ይዘው ይጓዛሉ። ዳዊትን በቃሉ የሚደግም ሰው በመካከላችን ስላለ ይህን ለመረዳት አያስቸግረንም።

ብራድበሪ ያስተማረው አንድ ቀላል ዘዴ አለ። ምን እንደሚጽፍ ሲጠፋው የነገሮችን ስም ብቻ ይዘረዝር ነበር፤ ሐይቅ፣ ሌሊት፣ ገደል እያለ። ከዚያ አንዱን መርጦ «ይህ ለምን ከልቤ አልወጣም?» ብሎ ይጠይቃል። በ22 ዓመቱ «ሐይቅ» ከሚለው ቃል ተነሥቶ በልጅነቱ ስለ ሰጠመች ልጅ ታሪክ ጻፈ። ጽፎ ሲጨርስ ያለቅስ እንደ ነበርና የመጀመሪያው ጥሩ ሥራው ያ እንደሆነ ተናግሯል።

4. ኦክታቪያ ባትለር፦ በጓሮ በር

ባትለር በ1947 በካሊፎርኒያ የተወለደች ጥቁር አሜሪካዊት ናት። ጫማ በመጥረግ የሚተዳደረው አባቷ ገና በልጅነቷ ሞተ። እናቷ በነጮች ቤት የጽዳት ሠራተኛ ነበረች፤ አሠሪዎቿ የጣሏቸውን መጻሕፍት ለልጇ ታመጣላት ነበር። ባትለር ፊደል ይደበላለቅባት ስለነበር ማንበብና መጻፍ ቀላል አልሆነላትም። በ12 ዓመቷ አንድ ደካማ ፊልም አይታ «እኔ ከዚህ የተሻለ መጻፍ እችላለሁ» ብላ ጀመረች። አክስቷ ጥቁር ሰው ደራሲ መሆን እንደማይችል ነገረቻት፤ እርስዋ ግን አላቆመችም።

ለብዙ ዓመታት ሰሐን አጠበች፤ በስልክ ዕቃ ሸጠች፤ በፋብሪካም የድንች ጥብስ መርማሪ ሆና ሠራች። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተነሥታ ትጽፍና ሲነጋ ወደ ሥራ ትሄዳለች። ለጀማሪዎች በሰጠችው ምክር ስሜት እስኪመጣ አትጠብቁ፣ ልማድ ከስሜት ይልቅ የታመነ ነው ትላለች። በ1995 የማካርተር ድርጅት ከፍተኛ ሽልማት ሲሰጣት ይህን ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ደራሲ ሆነች። ያረፈችው በ2006 ነው።

ለእኛ በተለይ የሚጠቅመን በ1979 የታተመው «ኪንድረድ» የተባለው መጽሐፏ ነው። በ1976 በሎስ አንጀለስ የምትኖር አንዲት ጥቁር ሴት ሳታስበው ወደ ኋላ ዘመን ተስባ በሜሪላንድ ባሮች በሚያርሱበት እርሻ ላይ ትገኛለች። በዚያ ዘመን ለመትረፍ አንገቷን ደፍታ መኖር ግድ ይሆንባታል። ባትለር ይህን ለምን እንደ ጻፈች ተናግራለች። በልጅነቷ እናቷ በጓሮ በር ስትገባ፣ ሰዎችም ፊት ለፊቷ ሲያንቋሽሿት ያልሰማች መስላ ስታልፍ ታይ ነበር። እናቷ በዚህ ዝም በማለቷ ታፍርባት ነበር። ስታድግ ግን እርስዋ ራሷ የበላችውና የተማረችው በዚያ ትዕግሥት መሆኑን ተረዳች። በዕድሜ ወጣት የሆኑ ሰዎችም ያለፈው ትውልድ ለምን አልታገለም ብለው ሲወቅሱ ሰማች። ሰውየውን ወደዚያ ዘመን ብትወስደው ፍርዱ እንደሚለወጥ አሰበች።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ በካምፓችንም አለ። አባቱ በራሽን ሰልፍ ላይ ተገፍቶ ዝም ሲል ያየ ልጅ በአባቱ ያፍራል። አባትየው በአገሩ ማን እንደ ነበር፣ ስንት ሌሊት ልጁን በትከሻው ተሸክሞ እንደ ተጓዘ ልጁ አያውቅም። አባቱም አይነግረውም። አንዳንድ ነገር ፊት ለፊት አይነገርምና። በታሪክ መልክ ግን ሊነገር ይችላል።

5. ስቲቨን ኪንግ፦ ከቅርጫት የወጣው ታሪክ

ኪንግም የተወለደው በ1947 ነው። ሁለት ዓመት ሲሆነው አባቱ ቤተሰቡን ጥሎ ሄደ። በልጅነቱ ወደ መጽሔቶች የላካቸው ታሪኮች ሲመለሱ የመመለሻ ወረቀቶቹን በግድግዳ ምስማር ላይ ይሰካ ነበር። ምስማሩ ክብደቱን መሸከም ሲያቅተው በትልቅ ምስማር ተክቶ ቀጠለ። ካገባ በኋላ በልብስ ንጽሕና ድርጅት፣ ከዚያም በመምህርነት ሠራ። የሚኖረው በተጎታች ቤት ነበር፤ ይጽፍ የነበረውም በልብስ ማጠቢያዋ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ጓደኞቿ ስለሚያሾፉባት ልጅ የጀመረውን ታሪክ አይረባም ብሎ ቅርጫት ውስጥ ጣለው። ባለቤቱ አውጥታ አነበበችና ቀጥል አለችው። «ኬሪ» በሚል ስም በ1974 የታተመው የመጀመሪያ መጽሐፉ ያ ነው።

በ2000 ስለ ጽሕፈት ባሳተመው መጽሐፍ ብዙ ማንበብና ብዙ መጻፍ አቋራጭ የለውም ይላል። የመጀመሪያውን ረቂቅ በር ዘግታችሁ ለራሳችሁ ጻፉ፤ ሁለተኛውን በር ከፍታችሁ ለሌላ ሰው አስነብቡ፤ ስታርሙም ከአሥር እጅ አንዱን ቀንሱ ሲል ይመክራል። እኛ የሚዘጋ በር ባይኖረንም መጀመሪያ ለማንም ሳያሳዩ መጨረስ ይቻላል።

6. ከአምስቱ ምን እንማራለን?

አንደኛ፣ ሁሉም የጻፉት ከተረፈ ሳይሆን ከተነጠቀ ሰዓት ነው። ሁለተኛ፣ ወረቀቱም መኪናውም የተገኘ ነበር እንጂ የተመረጠ አልነበረም። ሦስተኛና ዋናው፣ ጭራቁና ሩቁ ዘመን ከባዶ አልመጡም። ሐዘን፣ ጦርነት፣ ድህነትና ውርደት ሌላ ልብስ ለብሰው ነው የመጡት። በቀጥታ ለመናገር የከበደውን ነገር ምናብ ተሸክሞ ያሻግረዋል።

7. ሦስት ጥንቃቄዎች

ሀ. ልብ ወለድና ምስክርነት አይቀላቀሉ። ስለ ስደተኝነት ጉዳያችን ቃለ መጠይቅ ስንጠየቅ የምንናገረው የሆነውን ብቻ፣ እንደሆነው ነው። በደብተር የጻፋችሁትን ታሪክ ወደዚያ አታስገቡ።

ለ. በአገር ቤት የቀሩ ሰዎችን ስም፣ ቀበሌና መልክ ለውጡ። ለእናንተ ትዝታ የሆነው ለእነሱ አደጋ ሊሆን ይችላል።

ሐ. መጻፉ ቅዠትና ድንጋጤ የሚቀሰቅስባችሁ ከሆነ ለጊዜው አቁሙ፤ ለምታምኑት ሰው ወይም ለጤና ጣቢያ ሠራተኛ ንገሩ። የተዉት ታሪክ ይጠብቃል።

መልመጃ

1. ከልባችሁ ያልወጡ አሥር ነገሮችን ስም ጻፉ። ስሜት ሳይሆን ዕቃና ቦታ ይሁን፤ ለምሳሌ የቤት ቁልፍ፣ ድልድይ፣ ጀሪካን።

2. አንዱን ምረጡና «ይህ ነገር አፍ ቢኖረው ምን ይናገር ነበር?» ብላችሁ አንድ ገጽ ጻፉ።

3. ለአንድ ሳምንት በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ ለግማሽ ሰዓት ብቻ ጻፉ። መብራት ከሌለ ሌሊቱን ትታችሁ ማለዳውን ምረጡ። ደብተር ያለቀበት ሰው የካርቶን ጀርባ ይጠቀም።

4. መጻፍ የማይችሉ ወላጆች ካሏችሁ እነሱ ይተርኩ፤ እናንተ ጻፉላቸው። ስትጨርሱ መልሳችሁ አንብቡላቸው።

የውይይት ጥያቄዎች

1. የፍራንከንስታይን ፍጡር ክፉ የሆነው በተፈጥሮው ነው ወይስ በመባረሩ?

2. የባትለር እናት ዝምታ ፍርሃት ነበር ወይስ ጀግንነት? ለመልሳችሁ ምክንያት ስጡ።

3. ከአያቶቻችሁ ከሰማችኋቸው ተረቶች እውነተኛ አደጋን የሚያስጠነቅቅ አንዱን ተርኩ።

የቃላት መፍቻ

ምናብ፦ ያላዩትን በአሳብ የመሣል ችሎታ
ረቂቅ፦ ገና ያልታረመ የመጀመሪያ ጽሑፍ
ዓይነ ሕሊና፦ የአሳብ ዓይን
ቅጽ፦ የአንድ ሥራ በተለያየ ጥራዝ የወጣ ክፍል

መልካም ጥናት ይሁንላችሁ!