የቀድሞ ቤት እንዴት ይጠገናል?

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶቻችን ብሂል ስለ ቤትም የተነገረ ይመስለናል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ስለ ቀድሞ ቤቶች ጥገና ከስሕተታችን የተማርነውን ልናካፍላችሁ ወደድን።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በአራዳና በአካባቢው መኳንንትና ነጋዴዎች ካሠሯቸው ቤቶች ብዙዎቹ ምድር ቤታቸው ድንጋይ፣ ፎቃቸው እንጨትና ጭቃ፣ ክዳናቸው ቆርቆሮ ነው። ሰፊ ሰገነትም አላቸው። ከአገራችን አናጢዎች ጋር የሕንድና የአርመን ባለሙያዎችም በሥራው ተካፍለዋል።

ታዲያ ለምን ተጎሳቆሉ? ዕድሜ ብቻ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ሲሆኑ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበረው በቀበሌ እጅ ገቡ። ለአንድ ቤተሰብ የተሠራውም ቤት ለብዙዎች ተከፋፈለ። ኪራዩ ለጥገና አይበቃ፣ ተከራዩ ባለቤት አይደለ፤ ስለዚህ የጣሪያው ቀዳዳ የማንም ኃላፊነት ሳይሆን ቀረ።

እኛም አንዲት የሰፈራችን እናት የሚኖሩበትን እንዲህ ያለ ቤት ለማደስ ገንዘብ አዋጥተን ተነሣን። አሮጌውን ምርጊት አራግፈን ግድግዳውን በሲሚንቶ ለሰንነው። አማረ፤ እናታችንም መረቁን። ክረምቱ ሲወጣ ግን ልስኑ ጭቃውን ይዞ ወረደ፤ ቋሚውም ከሥሩ በስብሶ ተገኘ። እናታችን አልተቆጡንም። «ልጆቼ፣ ውሃው የሚገባው እኮ ከላይ ነው» ብቻ አሉን። አፈርን። ከዚያ በኋላ ነው አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ዘንድ ሄደን የጠየቅነው። የተማርነውም ይህ ነው፦

1ኛ/ ከግድግዳ በፊት ጣሪያ። ቀዳዳው ሳይደፈን፣ አሸንዳው ሳይጠገን፣ የዝናቡ ውሃ በቦይ ከመሠረቱ ሳይርቅ ግድግዳ መለሰን ከንቱ ድካም ነው።

2ኛ/ ለጭቃ ጭቃ። የጭቃ ግድግዳ ርጥበት ይስባል፣ መልሶም ያወጣል። ሲሚንቶ መውጫውን ስለሚዘጋበት በውስጡ የቀረው ርጥበት እንጨቱን ያበሰብሳል። ለዚህ ግድግዳ የሚስማማው ከጭድ ጋር ተቦክቶ የሰነበተ ጭቃ፣ ከላዩም ኖራ ነው።

3ኛ/ ደኅናውን አለመንካት። የበሰበሰውን ቆርጦ በመሰሉ መተካት እንጂ፣ በሩንና የሰገነቱን ቅርጽ ነቅሎ በአዲስ መለወጥ ማደስ አይባልም።

4ኛ/ አስቀድሞ መጠየቅ። በቅርስነት የተያዘ ቤት ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ እንዳይጠገን አዋጅ ቁጥር 209/1992 ደንግጓል።

በተከታዩ በጋ ከጣሪያው ጀምረን ሥራውን ደገምነው። በሚቀጥለው ክረምት እናታችን ከአልጋቸው ሥር ያኖሩት የነበረውን የውሃ መቀበያ ሳፋ አነሡት።

ወንድሞችና እኅቶች፣ በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ብዙ የቀድሞ ቤቶች መፍረሳቸውን ሁላችንም እናስታውሳለን። የቀሩትን ግን ግዴለሽነት ብቻ ሳይሆን ዕውቀት የጎደለው በጎ ፈቃድም ሊያፈርሳቸው እንደሚችል በእጃችን አይተናል። ስለሆነም መዶሻ ከማንሣታችን በፊት ወደ ጣሪያው ቀና እንበል፤ በቤቱ የሚኖሩትንም እንጠይቅ።