ሕፃኑን ችፌ ሲያሳክከው የምታጠባ እናት ምግብ ትተው ወይ?

የጤና ትምህርት

በዚህ እትም የምናቀርብላችሁ ትምህርት ስለ ሕፃናት ችፌ፣ ማለትም ኤክዜማ ስለሚባለው የቆዳ ሕመም እና ስለምታጠባ እናት አመጋገብ ነው። ርዕሱን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። እዚህ ካኩማ የአራት ወር ሕፃን የታቀፈች አንዲት እናት ወደ እኛ መጥታ ነበር። የሕፃኑ ጉንጭ ቀልቶና ተሰነጣጥቆ ሌሊቱን ሙሉ ሲያሳክከው ያድራል። ጎረቤቶቿም በቅን ልቦና አንዷ «ወተት ተዪ»፣ ሌላዋ «እንቁላል ተዪ»፣ ሦስተኛዋ «ባቄላና በርበሬ ነው» እያሉ ስለመከሯት በመጨረሻ የቀራት የበቆሎ ገንፎና ሻይ ብቻ ነበር። እርሷ ከስታለች፤ የሕፃኑ ቆዳ ግን እንደነበረ ነው።

ችፌ ምንድን ነው?

ችፌ ቆዳ እርጥበቱን መያዝ ሲያቅተውና ሲቆጣ የሚመጣ ሕመም ሲሆን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አስም ወይም አለርጂ ባለበት ቤተሰብ በብዛት ይታያል። ሙቀት፣ ላብ፣ አቧራ፣ ሳሙናና ሻካራ ልብስ ያባብሱታል። ምግብ ምክንያት የሚሆነው በአንዳንድ ሕፃናት ላይ ብቻ ነው፤ ይኸውም ብዙውን ጊዜ ችፌው በጠናባቸው ላይ ነው።

ችፌን ከእከክ መለየት ያስፈልጋል። ከሕፃኑ ሌላ ወንድም፣ እህት ወይም እናት ሌሊት ሌሊት የሚያሳክካቸው ከሆነ፣ ወይም በሕፃኑ መዳፍና ውስጥ እግር ላይ ሽፍታ ከወጣ፣ እከክ ሊሆን ስለሚችል መላው ቤተሰብ በአንድ ጊዜ መታከም አለበት።

በቅድሚያ ቆዳውን እንንከባከብ

ከምግብ በፊት የሚከተሉትን በየቀኑ ማድረግ ይገባል፦

1. ሕፃኑን ለብ ባለ ውኃ ለአጭር ጊዜ ማጠብ፤ ሳሙና መቀነስ ወይም መተው።
2. ቆዳውን ሳያሹ በጨርቅ አድርቆ፣ ገና እርጥበት እያለው ሽታ የሌለው ቫዝሊን በብዛት መቀባት፤ በቀን ውስጥም መደጋገም።
3. ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስ ማልበስ፤ ሲታጠብም ሳሙናው እስኪለቅ ድረስ ማለቅለቅ።
4. ጥፍሩን ማሳጠር፤ በሙቀት ጊዜ አለማጀቦን።

በቆሰለ ቆዳ ላይ ቅቤ፣ እንቁላል ወይም የኦቾሎኒ ዘይት አይቀባ፤ በተሰነጠቀ ቆዳ የሚገባ ምግብ አለርጂን ሊያስከትል ይችላልና። ፊት ለማቅላት በገበያ የሚሸጡ ክሬሞችም ለሕፃን አደገኛ ናቸው። የሐኪም ቅባት የታዘዘለት ሕፃን ግን እንደታዘዘው ሊቀባ ይገባል።

ምግብ መተው መቼ ይረዳል?

እናት ከምትመገበው ወተትና እንቁላል በጣም ጥቂት መጠን ወደ ጡቷ ወተት እንደሚያልፍ የታወቀ ነው። ሆኖም ለአብዛኞቹ ሕፃናት ይህ ጉዳት የለውም። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ግምገማ ውስጥ፣ ችፌ ያለባቸውን ሕፃናት በሚያጠቡ 17 እናቶች ላይ የተካሄደ ጥናት ይገኛል። እናቶቹ ከምግብ ሲከለከሉ በልጆቻቸው ላይ የታየው መሻሻል አስተማማኝ ሆኖ አልተገኘም።

ምግብን መጠርጠር የሚገባው ችፌው በሚገባ ታክሞ እምቢ ሲል፣ ወይም ከችፌው ጋር ሕፃኑ ሲያስመልሰው፣ ሰገራው ደም ሲኖረው ወይም ክብደቱ አልጨምር ሲል ነው። ያን ጊዜ ከጤና ሠራተኛ ጋር ተመካክሮ እንደሚከተለው መሞከር ይቻላል፦

1. አንድ ምግብ ብቻ መተው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው በላም ወተት ነው፤ የወተት ሻይ፣ የዱቄት ወተት፣ እርጎና ቅቤ ይጨምራል። የሚታደለው ድብልቅ ዱቄትም ወተት እንዳለበት መጠየቅ ያስፈልጋል።
2. ከ2 እስከ 4 ሳምንት መቆየትና የሕፃኑን ቆዳ መከታተል።
3. ከዚያ ምግቡን መልሶ መብላት። ሽፍታው ከተመለሰ ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው። ለውጥ ከሌለ እናት ያንን ምግብ ያለ ሥጋት ትብላ።

ሦስተኛው ደረጃ እንዳይዘለል። ችፌ በራሱ ጊዜ የሚሻልና የሚባስ ስለሆነ ምግቡ ሳይመለስ እውነቱ አይታወቅም። ለምሳሌ ሁዳዴን 55 ቀን ሙሉ ከወተትና ከእንቁላል ተከልክላ ያጠባች እናት ብትኖር፣ ሕፃኗ በጾሙ ካልተሻለው፣ ከፋሲካ በኋላም ካልባሰበት፣ ምክንያቱ ወተትና እንቁላል ነው ለማለት ያስቸግራል።

የእናትን ጉልበት አንርሳ

የምታጠባ እናት ከሌላው ጊዜ የበለጠ ምግብ፣ ቢያንስ በቀን አንድ ተጨማሪ ገበታ ያስፈልጋታል። ራሽን ባነሰበት ቤት ደግሞ እያንዳንዱ የተተወ ምግብ እናትን ይጎዳል። ስለሆነም ወተት የተወች እናት በምትኩ ባቄላ፣ ምስር፣ ጎመንና ከተገኘም እንቁላል ትመገብ።

ጡት ማስጣል ፈጽሞ መፍትሔ አይደለም። የተለመደው የጡጦ ወተት የሚሠራው ከላም ወተት ስለሆነ፣ የላም ወተት የማይስማማው ሕፃን ይብስበታል፤ ውኃውና ጡጦው ንጹሕ ካልሆኑም ተቅማጥ ይከተላል። ሕፃን እስከ 6 ወር ጡት ብቻ፣ ከዚያም ከተጨማሪ ምግብ ጋር እስከ 2 ዓመትና ከዚያ በላይ መጥባት ይኖርበታል።

ፈጥኖ ወደ ክሊኒክ

ቁስሉ መግል ከያዘ ወይም ቢጫ ቅርፊት ካወጣ፣ ውኃ የቋጠሩ ትንንሽ እብጠቶች በድንገት ከወጡ፣ ትኩሳት ካለው ወይም ጡት አልጠባም ካለ በዚያው ቀን ይምጣ። ከንፈሩ ካበጠ ወይም መተንፈስ ካቃተው አንድ ደቂቃም አይጠበቅ።

ያችን እናት ምግቧን ሁሉ ወደ ገበታዋ እንድትመልስ መከርናት፤ የሕፃኑንም ቆዳ በቫዝሊን እንድትንከባከብ አሳየናት። ቆዳው ፈጽሞ ባይድንም ማታ ማታ መተኛት ጀምሯል፤ እርሷም አብራው ትተኛለች።

ለውይይት

1. ከአንድ በላይ ምግብ በአንድ ጊዜ መተው ለምን አይጠቅምም?
2. የተተወው ምግብ ተመልሶ መበላት ያለበት ለምንድን ነው?
3. በብሎካችሁ ሕፃኗ ችፌ ያለባት ጎረቤት ብትኖር መጀመሪያ ምን ትመክሯታላችሁ?