ሞተሩ ቆሞ ሲጠፋ፣ ዘይቱም ሲፈስ፦ ሁለት ምልክት፣ አንድ ምክንያት?

አንድ ያረጀ መኪና በጎዳና ላይ ያለ ችግር ይሄዳል። በትራፊክ መብራት ቆሞ የሹፌሩ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሣ ግን ሞተሩ ይንቀጠቀጥና ይጠፋል። ኮፈኑ ሲከፈት የአየር ማጣሪያው በዘይት ርሶ ይገኛል፤ በሞተሩ ዙሪያም ዘይት ከአቧራ ጋር ተለውሶ ተጋግሯል። በዚህ ጊዜ በብዙ ጋራዦች የሚሰጠው ፍርድ «ሞተሩ አርጅቷል፤ መውረድ አለበት» የሚል ነው። ፍርዱ ትክክል ሊሆን ይችላል። ስሕተት ከሆነ ግን ኑሮው በመኪናው ላይ ለተመሠረተ ሰው ከባድ ኪሣራ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ደግሞ ያለውን መኪና በአግባቡ መጠበቅ ይበልጥ ተፈላጊ ሆኗል። ስለዚህ ሞተሩ ከመውረዱ በፊት ፊዚክስ ምን እንደሚል እንመልከት። ምሳሌያችን በከተሞቻችን የተለመደው ባለ ካርቡሬተር 1300 ሲሲ የቤንዚን ሞተር ነው።

የሞተሩ «ሆድ» እንዴት ይተነፍሳል?

ቤንዚንና አየር በሲሊንደር ውስጥ ሲታመቁና ሲቃጠሉ፣ በአዲስ ሞተርም ቢሆን ጥቂት ጋዝ በፒስተን ቀለበቶች ጎን ሾልኮ ወደ ታች ያመልጣል። የሚገባውም ክራንክ ሻፍቱ ወደሚዞርበትና ዘይት ወደሚጠራቀምበት ክፍል ነው። ይህን ክፍል በዚህ ጽሑፍ የሞተሩ ሆድ እንለዋለን። ጋዙ መውጫ ካላገኘ በሆዱ ውስጥ ግፊት ይጨምራል።

በቀድሞ ዘመን ይህ ጋዝ በቱቦ ወደ መንገድ ይለቀቅ ነበር። የሎስ አንጀለስ ከተማ የአየር ብክለት በተጠናበት ጊዜ ግን ይህ አሠራር ከጥፋተኞቹ አንዱ ሆኖ ተገኘ። በመሆኑም ከ1961 እ.ኤ.አ. የሞዴል ዓመት ጀምሮ በካሊፎርኒያ፣ ከ1963 ጀምሮ ደግሞ በመላው አሜሪካ፣ በአዳዲስ መኪኖች ላይ ጋዙን መልሶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ የመተንፈሻ ቫልቭ ተገጠመ። ቫልቩ አንዲት ትንሽ ተንቀሳቃሽ ዘንግና አንድ ስፕሪንግ ያሉት ቀላል ዕቃ ነው። መካኒኮች ሚኒሞ በሚሉት ሁኔታ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር፣ የአየር ማስገቢያው መሳብ ኃይለኛ ስለሆነ ዘንጓ ተስባ መንገዱን ታጠባለች። ነዳጅ ሲረገጥ መሳቡ ይቀንስና ስፕሪንጉ መንገዱን ያሰፋል። ዘመን ሲቆጠር ግን ጥላሸትና የደረቀ ዘይት ዘንጓን አንድ ቦታ ላይ ያጣብቋታል።

ቫልቩ ተከፍቶ ሲቀር

ባለ አራት ምት ሞተር አንድ ጊዜ አየር ለመሳብ ሁለት ዙር ይዞራል። ስለዚህ 1.3 ሊትሩ ሞተራችን በደቂቃ 800 ጊዜ ሲዞር 1.3 × 400 = 520 ሊትር ይስባል። ይሁን እንጂ የአየር በሩ ሊዘጋ ስለተቃረበ በማስገቢያው ውስጥ ያለው ግፊት 35 ኪሎፓስካል ያህል ብቻ ነው። የአዲስ አበባ አየር ግፊት 76 ኪሎፓስካል ገደማ በመሆኑ፣ በውጭ አየር ሲለካ 520 × 35/76፣ ማለትም 240 ሊትር ያህል ይሆናል። ለቀላልነት የሙቀት ልዩነትን ትተናል።

ተከፍቶ የቀረው ቫልቭ በደቂቃ 60 ሊትር ትርፍ አየር ቢያስገባ አየሩ በ25 በመቶ ይጨምራል። ካርቡሬተሩ ግን ይህን አየር ስለማያውቀው ነዳጅ አይጨምርለትም። ለአንድ ግራም ቤንዚን 14.7 ግራም አየር የነበረው ድብልቅ ወደ 18.4 ይሳሳል፤ እሳቱ መያዝ ያቅተውና ሞተሩ ይጠፋል። በደቂቃ 4,000 ዙር፣ የአየር በሩ በሰፊው ተከፍቶ ሲሄድ ግን ሞተሩ ወደ 2,600 ሊትር ስለሚስብ ያው 60 ሊትር ከ3 በመቶ በታች ነው። መኪናው በመንገድ ላይ ደኅና ሆኖ በመብራት ላይ የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው።

ቫልቩ ተዘግቶ ሲቀር

ጋዙ መውጫ ሲያጣ በሆዱ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው በ5 ኪሎፓስካል ቢበልጥ፣ 0.1 ካሬ ሜትር በሆነ ገጽ ላይ 500 ኒውተን፣ ማለትም የ50 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ይገፋል። ዘይቱ በጓርኒሲዮኑና በዘይት ማኅተሞቹ በኩል ይወጣል። በንጹሕ አየር መግቢያው ቱቦ ወደ ኋላ ተመልሶም የአየር ማጣሪያውን ያርሳል። የራሰ ማጣሪያ አየር ስለሚከለክል ድብልቁ በነዳጅ ይበዛል፤ ሞተሩም እንደገና ይጠፋል።

በቅደም ተከተል መመርመር

ምርመራው ከቤት ውጭ ይደረግ፤ የጭስ ጋዝ በተዘጋ ቦታ ይገድላል። እጅና ልብስ ከማራገቢያውና ከቺንጊያው ይራቁ።

1. ሞተሩ በሚኒሞ እየዞረ የዘይት መሙያው ክዳን ተነሥቶ ቀዳዳው ላይ ወረቀት ይቀመጥ። ወረቀቱ በዝግታ ወደ ውስጥ ከተሳበ መተንፈሻው ይሠራል። ከተገፋ ወይ መተንፈሻው ተዘግቷል፣ ወይ የሚያመልጠው ጋዝ በዝቷል።

2. የቫልቩ ቱቦ በፒንሳ ይጨበጥ። ይጠፋ የነበረው ሞተር ሲጨበጥ ከተረጋጋ ቫልቩ ተከፍቶ ቀርቷል።

3. ሞተሩ ጠፍቶ ቫልቩ ይውጣና ይነቅነቅ። ካላንቋረረ ዘንጓ ተጣብቃለች፤ ይጽዳ ወይም ይለወጥ።

4. ይህ ሁሉ ደኅና ከሆነ ካንዴላዎቹ ወጥተው የሲሊንደሮቹ የእመቃ ግፊት ይለካ። ግፊቱ ዝቅ ባለበት ሲሊንደር አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምሮ እንደገና ሲለካ ንባቡ ከፍ ካለ ያረጁት ቀለበቶቹ ናቸው። ካልተለወጠ ቫልቮቹ ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይጠረጠራሉ።

የመለኪያው ንባብና ከፍታ

የጥገና መጻሕፍት ቁጥሮች በአብዛኛው ለባሕር ወለል የተጻፉ ናቸው። በዚያ 12 ባር የሚያሳይ ጤናማ ሞተር፣ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ 9 ባር ያህል ብቻ ያሳያል፤ የሚያምቀው አየር ከመነሻው በሩብ ያህል የሳሳ ነውና። መጽሐፉን ብቻ የሚያምን ሰው ጤነኛውን ሞተር በሽተኛ ብሎ ያወርደዋል። ሲሊንደሮቹን እርስ በርስ ማወዳደር ግን በከፍታ አይዛባም። አራቱም ተቀራራቢ ሆነው 9 ባር አካባቢ ከሆኑ ሞተሩን ለማውረድ አይቸኮል፤ አንዱ 6 ሆኖ ሌሎቹ 9 ከሆኑ ግን የመካኒኩ ፍርድ እውነት ሊሆን ይችላል።

እርግጥ ነው፣ ሞተር በእሳት ማቀጣጠያው ወይም በነዳጅ መስመሩ ጉድለትም ሊጠፋ ይችላል። ነገር ግን መጥፋትና ዘይት አብረው ሲታዩ ምርመራው ከርካሹ ዕቃ፣ ከመተንፈሻው ቫልቭ፣ ይጀመር።

መልመጃ፦ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ሲሆን የአየር ግፊቷ 88 ኪሎፓስካል ያህል ነው። በባሕር ወለል 12 ባር የሚያሳየው ሞተር በዚያ ስንት ያሳያል? መለኪያው የሚያነበው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ መሆኑ አይዘንጋ።